የእትዬ ኮፒ ልጅ ገባት ወይ?

ኮሌጁ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ተማሪው ሁሉ «እትዬ ኮፒ» ይላታል። ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት ማሽን ይዛ አስራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት አባዝታለች። አንደኛው ማሽን ወረቀት መንከስ ይወዳል፤ በቡጢ ሲሉት ነው የሚለቀው።

አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ምክሯን ከወረቀቱ ጋር ታስረክባለች። «ኮፒ ማድረግ ማንበብ አይደለም፣ ልጄ። የሰው ደብተር ታቅፈህ ብታድር ዕውቀቱ አይጋባብህም። ፊት ተቀመጥ። ደግሞ መምህሩ ‹ገባችሁ?› ሲል ሳይገባህ ከሌላው ጋር ‹ገብቶናል› ብለህ አትጩህ።» ተማሪው ይስቃል፤ በሳምንቱ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሲጮህ ይገኛል። በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ ማለት ነው። እሷም አይከፋትም፣ ለሚቀጥለው ትደግመዋለች።

ዘንድሮ የገዛ ልጇ ኮሌጁ ገባች። ዝምተኛ ናት። እናቷ ስለ ትምህርቱ ስትጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ገብቶኛል፣ እማ።» በአጋማሹ የሒሳብ ፈተና ከሠላሳው ስድስት ብቻ አመጣች። ማጠቃለያውን ከወደቀች ትባረራለች። ለሰው ልጅ ሁሉ ስታድለው የኖረችው ምክር ከገዛ ቤቷ ሳይደርስ መቅረቱ እናትየውን አንገበገባት።

በማግስቱ ማሽኖቹን አጥፍታ፣ ልጇን እየጎተተች የሒሳብ መምህሯ ቢሮ ሄደች። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጫር ጫር አደረገና «ገባሽ?» አላት።

«ገባኝ፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ ጫማዋን እያየች።

እናትየው በሩ ላይ ቆማለች። የዚህ ዓይነቱን «ገባኝ» ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«ይቅርታ ቲቸር፣ አልገባትም» አለች።

«እማ፣ አታሳፍሪኝ በናትሽ።»

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ከዚህ ግቢ ታምሜ ነው የወጣሁት ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ልጄ። ደህና ጤነኛ ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ ‹ገባኝ፣ ገባኝ› ስል አንድም ነገር ሳይገባኝ ወድቄ ተባረርኩ። አፍሬ ነው የዋሸሁሽ።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ እንደዚህ አንገቷን ደፍታ አይታት አታውቅም። መምህሩ እስክሪብቶውን ይከድናል፣ ይከፍታል።

«አልገባኝም» አለችው ልጅቷ።

«የትኛው ነው ያልገባሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው።»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠረገና ወንበር ሳበላት። እናትየው ወደ ሥራዋ ልትመለስ ዞር ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«አንቺም ተቀመጪ፣ እማ» አለቻት።

ተቀመጠች።