ልጄን የወሰደብኝ «ናካ»

ከአገር የወጣሁ ማታ ማህሌት ሆዴ ውስጥ ነበረች። ቦሌ ላይ እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እኔ የጨነቀኝ ልብሷ ላይ እንዳላስመልስባት ነበር። እስከ ፍራንክፈርት ሲያስመልሰኝ አደረ።

ያቺ ሆዴ ውስጥ የነበረችው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ጥናት ትማራለች። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ አብረን ነው የምንኖረው። በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፤ ይሄንን ለምጄዋለሁ፣ የሁላችንም ልጆች እንደዚሁ ናቸው። አልለመድ ያለኝ የሉዝ ነገር ነው። ሉዝ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ከፊሊፒንስ፣ ከሴቡ መጥታ እዚሁ ጡረታ የወጣች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ቅናቴ ግን ከአንቱታ አውርዷታል።

ማህሌት የመመረቂያ ጽሑፏን በሉዝ ቋንቋ፣ በሴቡዋኖ ላይ ልትሠራ ተነሳች።

«ማማ፣ ግሡ ፊት ‹ማካ› ሲገባ ገና አልሆነም፣ ግን ይቻላል ማለት ነው። ‹ናካ› ከሆነ ግን ተችሏል፣ ሆኗል» አለችኝ ዓይኗ እያበራ። የ«ናካ» ዘመዶች በብዙ ደሴቶች ቋንቋዎች ውስጥ ስለሚገኙ፣ ቋንቋዎቹ ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱ ናቸው ይባላል አለች። የ«ናካ»ን ዘር ማንዘር ቆጠረችልኝ፤ የአያቴን ስም ብጠይቃት ግን አታውቅም። ቀናሁ። በአንዲት ቁራጭ ቃል ቀናሁ!

አንድ ቅዳሜ አላስችል ቢለኝ ዶሮ ወጤን በሳህን ይዤ ሉዝ ቤት ዘው አልኩ። ማህሌት የድምፅ መቅጃዋን ከፍታ ሉዝን ታስለፈልፋለች።

«ማማ፣ እየቀዳን ነው! ቴርሚን እኮ አልያዝሽም!»

ጎረቤት ቤት በቴርሚን፣ በቀጠሮ! ሉዝ ግን ወንበር ሳበችልኝ። ቀመሰች፣ በርበሬው አስነጠሳት፣ ደግማ ቀመሰች።

«የእኔ ልጆች በቋንቋዬ አይመልሱልኝም» አለችኝ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ። «የሚጠይቀኝ ሰው ያንቺ ልጅ ብቻ ናት።»

ላዝንላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ ልጄ ዞርኩ።

«የእኔንስ ቋንቋ መቼ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ስለ አማርኛማ ብዙ ተጽፏል» አለችኝ፣ በጀርመንኛ። ሳህኔን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በማግስቱ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ማህሌትስ? እስቲ ድምጿን አሰሚኝ።»

«ጎረቤት ሄዳለች።» ሳቋ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል።

«ምን ልትሠራ?»

«ቋንቋ እያጠናች ነው።»

እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እሰይ! አማርኛ ጀመረች በይኛ!»

ከግድግዳው ወዲያ ልጄ በሰው ቋንቋ ትስቃለች።

«አዎ» አልኳት።