እትዬ ደወል ብቻዋን የሄደችበት ቀን

እትዬ ደወል የወጣላት ስም ነው። እናቷ ያወጣችላትን የሚያስታውስ ሰው ሰፈሩ ውስጥ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች። ከዚያ በረንዳ የማይታይ ነገር የለም። አንዱ ካሳለ፣ አንዷ ዓይኗ አብጦ ካለፈች፣ የአንዱ ቤት መስኮት ሳይከፈት ከረፈደ፣ መቀሷን እንደያዘች ብድግ ነው። በመቀሱ እጀታ በር ለበር ቋ ቋ ቋ! እከሌ ታሟል፣ ዛሬ ማን አብሮት ያድራል፣ ነገ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል? ደወል የተባለችው በዚህ ነው። ስሙን ያወጣው የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ይክዳል። የታመመ ዕለት ማን እንደሚያንኳኳለት ያውቃላ!

የሠራችው ተነግሮ አያልቅም። ወደዚያ መንገድ የቧንቧ ውሃ የገባው ሴቶቹን ባዶ ጀሪካን አስይዛ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ስለደረደረቻቸው ነው። ኃላፊው በጓሮ በር ሹልክ ሊል ሲል፣ እዚያም ጀሪካን ይዛ የቆመች ሴት አገኘ፤ እሷው ራሷን። አሮጌው ጋራዥ መዋዕለ ሕፃናት የሆነው በእሷ ጭቅጭቅ ነው። ጎርፉ የታችኛውን መንገድ ጠራርጎ የወሰደ ጊዜ፣ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከረመ። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ገና በጎልማሳነቱ መንገድ ላይ ቀረ። ሐዘኗን እንኳ ቁጭ ብላ አልጨረሰችም፤ የጎረቤት ምጥ መጣና ተነስታ ሄደች።

አንዲት ልጅ አለቻት። በጎርፉ ጊዜ አልጋዋን ለማታውቃቸው ልጆች ለቃ ወለል ላይ የተኛች፣ እናቷ የሰው ልጅ አዝላ ሐኪም ቤት ስትሮጥ የራሷን ትኩሳት በእርጥብ ፎጣ ያበረደች ልጅ። አድጋ የሒሳብ መምህርት ሆነች። ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ካለ ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራይታ በሯ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አስገጠመች። እናቷ እዚህ አካባቢ ሌባ አለ እንዴ ብላ ብትጠይቃት ሳቅ ብላ ወሬውን ቀየረች።

አንድ እሑድ ልጅቷ መጣችና እናቷን ከበረንዳው አስነስታ ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ በሩንም ዘጋች። የልጅቷ ጡት ላይ እብጠት ተገኝቷል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብለዋል፤ ክፉ ይሁን አይሁን የሚለየው ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ ደወል ክው አለች። እጇ ሳታዝዘው መቀሱን ሲፈልግ ልጅቷ አየች።

“እማዬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ” አለቻት። “ለማንም እንዳትናገሪ። አንድ ነገር እንኳ የራሴ ብቻ ይሁን።”

እትዬ ደወል ማለች፣ ተገዘተች። ይህቺ ሴት ምስጢር አትይዝም ማለት ስሟን ማጥፋት ነው፤ የስንቱን ገመና እንደቀበረች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሕመም ግን ሌላ ነው። የታመመን ሰው ደብቆ ዝም ማለት ለእሷ ቤት ሲቃጠል እጅ አጣጥፎ እንደማየት ነው። እህል አልወርድ አላት። የአንዱን ተማሪ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ አይታወቅም። ይህን ያየችው የዕድሜ ልክ ወዳጇ ዳቦ ሻጯ አጠገቧ ቁጭ አለችና ምን ሆነሻል ብላ አላላውስ አለቻት።

“አንዲት የማውቃት ሴት አለች” አለች እትዬ ደወል፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። “ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባታል። ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም። እንዲህ ላለችው ሰው ምን ይደረግላታል?”

አለቀ! “እከሊት፣ የእከሌ ሚስት፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለችው” እያለች በስም ስትጠራ የኖረች ሴት፣ ስም ስትደብቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳቦ ሻጯ ደግሞ ዳቦ ትሸጣለች እንጂ ጅል አይደለችም። እትዬ ደወል ስሟን የምትደብቅላት ሴት በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መጨረሻ የሰማችው እሷ ሆነች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር አለባት። ጫማ ሰፊው የለም፣ ዳቦ ሻጯ የለችም። ነገሩ ሲገባት ወደ ልጇ ፎቅ ሮጠች። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነበር፤ የየራሱን በርጩማ ይዞ። ይህንንም ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ የታመመ ሰው ቤት ሄዳችሁ ወንበር አታስቸግሩ ብላ። ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ጫማ ሰፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ የአዳር ተራ ይደለድላል። ልጅቷ መሃላቸው እንደ ተከሳሽ ተቀምጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። ክፉ የሚያስብ አንድም ሰው አልነበረም፤ የባሰውም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ሰው በርጩማውን አንጠልጥሎ ሲወጣ እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ልጅቷ አልጮኸችም።

“ሰፈሩን አሳደግሽው፤ ደግ አደረግሽ” አለች። “እኔ ግን እዚያ ቤት ጎርፍ ካመጣቸው እንደ አንዷ ነበርኩ። ከእንግዲህ ምንም አልነግርሽም።”

ሁለቱም መቀርቀሪያ ተዘጋ። ስልክም አታነሳም። ሰፈርተኛው የቀዶ ጥገናው ቀን መቼ ነው እያለ ሲጠይቃት “አላውቅም” ትላለች፤ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ቅስሟ ስብር አለ። የምታውቀው ሐኪም ቤቱን ብቻ ነበርና፣ የስፌት መኪናዋን አልብሳ በየጠዋቱ እዚያ መሄድ ጀመረች። ዳቦ ሻጯ እያለቀሰች ይቅርታ ጠይቃ አብሬሽ ልሂድ ብትላት እሺ አላለቻትም። ቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሕፃን ያቀፈች ወጣት መጥታ የካርድ ክፍሉ የት ነው ብላ ጠየቀቻት። ልጁ በትኩሳት ይነድዳል። እትዬ ደወል ያንን ግቢ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች፤ እጇን ይዛ ልታደርሳት ከአግዳሚው ብድግ ስትል፣ ልጇ ቦርሳ አንጠልጥላ በዋናው በር ስትገባ አየች። ተመልሳ ተቀመጠች። “ወዲያ ነው፣ የኔ ልጅ” ብላ በእጇ ብቻ አሳየቻት። ወጣቷ በተሳሳተው መተላለፊያ ስትታጠፍ አየች፤ ግን አልተነሳችም። ትክክል ይሁን ስሕተት እሷም እስካሁን እንጃ ነው የምትለው።

ልጅቷ እናቷን ስታይ ቆም አለች።

“ስንት ሰው ይዘሽ መጣሽ?”

“ማንንም።”

አላመነችም። ምሰሶው ጀርባ አየች፣ መተላለፊያውን አየች፣ በሩን ዞራ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ገባች።

እትዬ ደወል ስንቱን ሰው እዚያ አግዳሚ ላይ ይዛ አሳልፋለች! አንዱን መድኃኒት ቤት ትልካለች፣ ሌላውን ሻይ ታስመጣለች፣ ለቀልደኛው ቀልድ ታዝዛለች። የዚያን ቀን የሚላክ ሰው አልነበረም። የልጇን ቦርሳ እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ወደተኛችበት ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ እብጠቱ ወጥቷል፣ ውጤቱ ገና ነው አላት። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ እናቷን አየቻት።

“መልክሽ አመድ መስሏል። ፈርተሽ ነበር?”

“ሞቼ ነበር።”

“ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ብትጠሪ ምን ነበረበት?”

“ለሰው ሲሆን ማንን እንደምጠራ አውቃለሁ” አለች እናትየዋ። “ለራሴ ሲሆን ማን እንደሚጠራ አላውቅም፣ ልጄ።”

“እኔ ነኛ” አለች ልጅቷ። ምላሷ በማደንዘዣው ገና እንደተሳሰረ ነበር።