አሥራ አራተኛው ቀን ሳይደርስ፦ ከጅጅጋ እስከ አውበሬ

ሰው ለጉዞ ሲነሣ የራሱን ስንቅ ይይዛል፤ እኔ ይዤ የተነሣሁት የሌላ ሰው ነበር። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ የሠላሳ አምስት ቀን ክኒን። የክኒኑ ባለቤት ጃማ ይባላል እንበል። ስሙ አይደለም። ይህን እንድጽፍ ሲፈቅድልኝ «ስሜን ቀይሪው፣ ሥራዬን ግን እንዳትነኪ» ብሎኛል። ሥራው በጅጅጋ ከብት ገበያ የግመል ድለላ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ጅጅጋ ተወልጄ ያደግኩ የወታደር ልጅ ነኝ፤ በጤና ሥራ ላይም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጃማ የያዘው የሳንባ ነቀርሳ የተለመደውን መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ነው። ይህን ዓይነቱን ለማከም ድሮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም ነበር። ምርምሩ ገፍቶ አሁን በስድስት ወር የሚያልቅ አዲስ ሕክምና መጥቶልናል። የእኔ ድርሻ በሽተኛው በየቀኑ ክኒኑን ሲውጥ በዓይኔ አይቼ ምልክት ማድረግ ነው። ጃማ በሁለተኛው ወር አክታው ንጹሕ ሆነ፣ ሳሉ ተወ፣ ጉንጩ ሞላ። በአምስተኛው ወር ማለቂያ ላይ ጠፋ። ስልኩም ተዘጋ።

ጎረቤቱ «ቤተሰቡ ሁሉ ደገሀቡር ሄዷል» አለችኝ። ደገሀቡር ያለች የሙያ ጓደኛዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከብት ተራውን አሰሰችልኝ፤ የለም። ቆይቶ አንድ የገበያው ደላላ ወደ አውበሬ በኩል መሄዱን ሹክ አለኝ። እስከዚያ መድኃኒት ካቋረጠ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሐኪማችን ጠርታኝ «ከአሥራ አራት ቀን አይለፍ። ተሕዋሲው አዲሱንም መድኃኒት ከለመደ ከዚህ በኋላ የምንሰጠው የለንም» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ሰው ለፍቶበት!

ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30፣ ጅጅጋ (አሥራ ሁለተኛው ቀን)

በሩ ላይ የእርዳታ ድርጅት ትልቅ ዓርማ በተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር ወጣን። ሾፌሩ ፈይሰል ነው፤ ሃምሳውን የዘለለ፣ ቁም ነገሩንም ቀልዱንም ፊቱን ሳይለውጥ የሚናገር ሰው። ከተማውን እንደወጣን ሜዳው ተዘረጋ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ መስኮቱን ዘግተን እንኳ ጥርሳችን መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ለፈኢሳ በምትባለው መንደር ቁርስ አዘዝን፤ ላሆ የሚባለውን ስስ ቂጣ በዘይትና በስኳር፣ ከወተት ሻይ ጋር። ሁለታችን በልተን ሁለት መቶ ብር አልሞላም። ሻይ የምትቀዳውን ሴት ጠየቅኳት።

«ጃማ የሚባል የግመል ደላላ አላየሽም? የጅጅጋ ሰው ነው፣ ረጅም።»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለግል ጉዳይ።»

መኪናውን አየት አደረገችና «አላየሁም» አለች። አጠገቧ የነበሩት ሦስት ወንዶችም፣ ሳልጠይቃቸው፣ አላየንም አሉ።

ምክንያቱን መናገር አልችልም። የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ በእኛ አገር የዚህ በሽታ ስም አንድ ጊዜ ከተጠራበት ቤት ሴት ልጅ የሚያገባ፣ ለዚያም ቤት ልጁን የሚድር አይገኝም። ስለዚህ «ለግል ጉዳይ» እያልኩ ቀጠልኩ።

ሸደር ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ከስደተኞች መጠለያው ማዶ ባለው ገበያ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በመስጊዱ አካባቢ፣ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ጃማን የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ አካባቢ ግመል ያለው ሰው ሁሉ ጃማን እንደሚያውቅ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ተስፋ ቆርጬ መኪና ውስጥ ስገባ ፈይሰል ሞተሩን አላስነሣም።

«ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። ይህ መኪና መጣ ማለት ወይ ስንዴ አለ፣ ወይ ምዝገባ አለ፣ ወይ የሚፈለግ ሰው አለ። አንቺ ስንዴ አልያዝሽም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔንና መኪናውን እዚሁ ተይን። በሚኒባስ ሂጂ። ደግሞ ስለ ሰው አትጠይቂ፤ እንደ ፖሊስ ነው የምትጠይቂው። ወሬ ከፈለግሽ መጀመሪያ ወሬ ስጪ።»

ንግግሩ አበሸቀኝ፤ ልክ ስለነበረ ይመስለኛል። ራት ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ጎኑ ላይ ሙዝ ቀረበልኝ፤ ሙዙን ብቻ በልቼ ወደ አልቤርጎዬ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00፣ ከሸደር ወደ አውበሬ (አሥራ ሦስተኛው ቀን)

ጋውኔን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ሻሽ አሠርኩ። ፌስታሉን በነጠላ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ ሁለት ጀሪካን የግመል ወተት የያዘች ሴት ተቀመጠች። ሶማልኛዬ የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ግን የፈይሰልን ምክር ተቀብዬ በሰላምታው ጀመርኩ። ስለ ጅጅጋ ነፋስ፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ዝናቡ ካራማራ ተራራ ጫፍ ላይ ደርሶ ስለ መመለሱ አወራሁላት። እሷም በተራዋ የት እንደ ዘነበ፣ የማን ግመል እንደ ወለደች፣ የትኛው ብርካ፣ ያ የዝናብ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ውኃ እንደ ያዘ ዘረዘረችልኝ። የጠየቅኳት ነገር የለም። ግማሽ መንገድ ላይ በገዛ እጇ አወጣችው።

«ይህ ወተት ለሰርግ ነው። የጅጅጋ የግመል ደላላ ልጁን ለሐጂ ልጅ እየዳረ ነው። ኒካሁ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።»

«ሐጂ ማነው?»

«አታውቂውም? አውበሬ ያለ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አይሰማም እንጂ። ልጅ ሆኖ የካራማራ ጦርነት መድፍ ጆሮውን ጎድቶት፣ እያደር ጨርሶ ወሰደው።»

ንዴቴ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ በረደ። በምትኩ ፍርሃት ገባ። ጃማ ለምን እንደ ጠፋ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ በሰው ልጅ የሰርግ ቀን ያንን በሽታ በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤ እየሄድኩ ነው።

ረፋድ 4፡30፣ አውበሬ

የሐጂ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቹ ጓሮ ትልልቅ ድስት ከበዋል። የጃማ ሚስት ሆዳን ከሩቅ አየችኝና ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ቶሎ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ለሴቶቹም «የጅጅጋ ጎረቤቴ ናት» አለቻቸው። ከዚያ እጄን ጨምቃ ይዛ እንጨት ወደ ተከመረበት ጥግ ጎተተችኝ።

«ሲስተር፣ በአላህ! ያንን ስም ከአፍሽ ካወጣሽ ልጄ ዛሬውኑ በመጣችበት መኪና ትመለሳለች።»

«ምንም አልናገርም። ክኒኑን ይዋጥ፣ እሄዳለሁ።»

«የት ሆኖ ይዋጠው? ወንዶቹ አንድ አዳራሽ ነው የሚያድሩት። ውኃ ሲጠጣ እንኳ ሃያ ዓይን ያየዋል። ለዚህ ብለን አይደለም ወይ መድኃኒቱን ሳንይዝ የመጣነው?»

ጃማን በልጅ አስጠራችው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ተቆጣ።

«እዚህ ድረስ? እኔ ድኛለሁ! እዪኝ እስቲ፣ ሳል አለ?» ደረቱን ደለቀ።

«ለመዳን ተቃርበሃል እንጂ አልዳንክም። የተኛውን በሽታ ከቀሰቀስከው መጀመሪያ የሚይዘው ይህችን የምትድራትን ልጅ ነው።»

«ሰባት ቀን ስጪኝ። ሰርጉ ይለቅ።»

«ሰባት ቀን ከየት አመጣለሁ? ነገ አሥራ አራተኛው ነው!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሆዳን አፌን በእጇ ከደነችው። ከኋላችን ግን አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ሰፊ ሆድ ያለው፣ ፂሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ። ሐጂ ነው። የተናገርኩትን አልሰማም፤ ፊቴን ግን ትኩር ብሎ ያያል።

«ይህችን ሴት አውቃታለሁ» አለ፣ የማይሰሙ ሰዎች በሚናገሩበት ትልቅ ድምፅ። «ጅጅጋ። መርፌ።»

መኪናውን ትቼ፣ ጋውኑን አውልቄ፣ ክኒኑን ሸፍኜ መጥቼ ነበር፤ ፊቴን ግን የት ላድርገው? በነቀርሳው ክፍል የሠራሁባቸውን ዓመታት ፊቴ ይዞት ይዞራል። ሆዳን እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። ጃማ ዓይኑን ጨፈነ።

ሐጂ ወደ ፌስታሉ ጠቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ወር?» አለኝ።

ስድስት ጣት አሳየሁት።

«ስድስት?» አላመነም። ከዚያ አውራ ጣቱን ዳሌው ላይ ተክሎ «መርፌስ?» አለ።

የለም በሚል ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

«አንድም?»

«አንድም።»

እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ሲሄድ አየሁ። ያኔ ገባኝ።

ከአዲሱ ሕክምና በፊት መርፌ ነበር። ለወራት፣ በየቀኑ፣ ዳሌ ላይ። ብዙ ሰው አድኗል፤ አንዳንዱን ደግሞ ጆሮውን ወስዶበታል፣ የሄደውም አይመለስም። መርፌውን የምወጋው እኔ ነበርኩ። «ሲስተር፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል» ሲሉኝ «ታገሥ፣ ከሞት ይሻላል» እላቸው ነበር። ሌላ መድኃኒት አልነበረም፣ ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ግን ለስንቱ እንዳልኩት አላስታውስም። እሱ እኔን ያውቀኛል፣ እኔ አላወቅኩትም። ያኔ አጥንቱ የገጠጠ፣ ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው ነበር።

ሐጂ ወደ ጃማ ዞረ። አሁን ድምፁ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«እኔ ሦስት ልጅ ድሬያለሁ። ሦስቱንም በካራማራ መድፍ።»

ጃማ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም፤ ሲገባው ግን ያ ሁሉ ቁጣው ጥሎት ሄደ። ሐጂ ራሱ ሄዶ የሩዝ ሳህንና አንድ ኩባያ ውኃ አመጣ። ጃማ ጥቂት ጎረሰ። ሐጂ ጀርባውን ለሴቶቹ ሰጥቶ ኩታውን በሁለት እጁ ዘረጋና «ዋጥ» አለው። ጃማ ከኩታው ጀርባ አንድ በአንድ ዋጠ፤ እኔም ቆጥሬ ምልክት አደረግኩ። ፌስታሉን ሐጂ ወሰደው። «ሰባቱን ቀን እኔ እሰጠዋለሁ። የእኔን ሣጥን የሚከፍት ሰው በዚህ ቤት የለም።»

ኒካሁ ከዙሁር በኋላ ታሰረ። እልልታው ሲቀልጥ ሆዳን ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሴቶቹ የደስታ ለቅሶ መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ።

ከሰዓት 9፡00፣ መመለሻ

ሐጂ እስከ ሚኒባስ ተራው ሸኘኝ። ረዳቶቹ «ሸደር! ሸደር!» ይጮሃሉ፣ የከባድ መኪና ጡሩምባ ያደነቁራል። ልሰናበተው ስል ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ይቅርታ» አልኩት።

እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ የኖርኩት ሴትዮ እዚያ ተራ መሐል ባለ በሌለ ድምፄ «ይቅርታ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሐጂ አፌን አንብቦ ሳቀ።

«ልጅ ድሬ ነው የዋልኩት፣ ሲስተር። ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

የስድሳ ብሩን ታሪፍ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ረዳቱ ሐጂ ከፍሎልኛል አለ። ሸደር ላይ ፈይሰል ፊቴን አየና ሞተሩን አስነሣ። ጅጅጋ ስንገባ የመንገዱ መብራት በርቷል።

ጃማ በስምንተኛው ቀን ፌስታሉን ይዞ መጣ፤ ክኒኑን ቆጠርኩት፣ አንድም አልተዘለለም። የቀረውን ክፍላችን እየመጣ ጨረሰ። የመጨረሻው የአክታ ምርመራውም ንጹሕ ሆነ።

መንገዱ ያስተማረኝን በአንድ ቃል ተናገሪ ብባል፣ አዲሱ መድኃኒት ምን እንዳተረፈልን የተረዳሁት ከሥልጠናው አዳራሽ ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ነው እላለሁ። ከጉዞው መልስ በማግስቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ የድሮውን የበሽተኞች መዝገብ አወረድኩ። አቧራውን እየጠረግኩ፣ ገጽ በገጽ፣ የሐጂን ስም ፈለግኩ። አገኘሁት። መርፌው በየቀኑ ምልክት ተደርጎበታል፣ አንድም ቀን አልዘለለም። በመስመሩ መጨረሻ፣ «ውጤት» በሚለው ዓምድ ሥር፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት «ድኗል» ይላል። ለጆሮ የተተወ ዓምድ አልነበረውም።