ሁለት ስቅለት

ከእስቴ በወጣሁበት ዕለት ዋዜማ ማታ በቤታችን ስለ መንገዴ ያነሳ ሰው አልነበረም። አባቴ ስለ ገብሱ አጨዳ፣ እናቴ ስለ ታመመችው ላም ሲያወሩ አመሹ፤ እኔም እሺ እሺ እያልኩ አመሸሁ። ጎሕ ሳይቀድ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶብስ ተሳፈርኩ። የመተማን፣ የሊቢያንና የባሕሩን ነገር ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትም ባያውቀው ይሻለዋል።

እንግሊዝ አገር የመኖሪያ ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ። ዳቦአቸው እንደ ጥጥ ነው፤ አፍ ውስጥ ይጠፋል፣ ሆድ ግን አልሰማሁም ይላል። ብርዱም እንደ ጉና ብርድ ፀሐይ ሲወጣ አይለቅም፤ አጥንት ውስጥ ይከርማል። ቢሆንም ቋንቋውን ከስልኬ እየተማርኩ፣ ሊጥ እያቦካሁ ደህና ከረምኩ።

ችግሩ የመጣው በስቅለት ነው። በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ዋለ። የእኛ ሲደርስ ለመስገድ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ስቅለት እኮ ባለፈው ወር አልፏል!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ያ የእናንተ ነው ጌታዬ፤ የእኛ ነገ ነው።»

«ኢየሱስን በዓመት ስንቴ ነው የምትሰቅሉት?»

«እኛ አንዴ። እናንተም አንዴ።»

ነገ ካልመጣህ ከነገ ወዲያም አትምጣ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ፤ ተባረርኩ። ምክንያቱ «ከሥራ የጠፋ» ተብሎ ተጻፈ። ያንን ስም ይዤ ማን ይቀጥረኛል?

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከአንዲት ጠበቃ ጋር አገናኙኝ። ሸበቶ ሴት ናቸው። ጥብቅናን የጀመሩት ሕንፃ የሚያጸዱ ሴቶችን ወክለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለአሠሪ ቆመው አያውቁም። ለምን ብላቸው «እናቴ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ስትባረር የሚናገርላት አልነበረም» አሉኝ።

ስለ መባረሬ ከሰሱልኝ፤ ችሎቱ ላይ ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ «ክፉ ተናግሬዋለሁ፤ ይቅርታ» አለ። ምን ላድርግ? በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ተበዳይ ዝም ካለ ሽማግሌዎቹ ይነሱበታል። ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁና «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ።

የሰውዬው ጠበቃ ዘለለ። «ከሳሽ ክሱን ትቷል፤ መዝገቡ ይዘጋልን!»

ጠበቃዬ እረፍት ለምነው ወደ ኮሪደሩ ጎተቱኝ።

«ምን አደረግኸኝ?»

«ይቅር አልኩ።»

«ማን ጠየቀህ?»

«እሱ ነዋ!»

«ያ ሁሉ ድካማችንስ?»

«በእኛ አገር እኮ ካሳው የሚነገረው ከይቅርታው በኋላ ነው። እምቢ ላለ ሰው ሽማግሌ አይፈርድለትም።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። «ይህንኑ ግባና ንገራቸው። አንድም ቃል እንዳትጨምር!»

ገብቼ ነገርኩ። መካከል የተቀመጡት ዳኛ «ታዲያ የተውከው ምኑን ነው?» አሉኝ።

«ቂሙን ነው። ፍርዱማ የእናንተ ነው።»

ተፈረደልኝ፤ ስሜም ጠራ። የሰውዬውን እጅ ለመጨበጥ ዞር ብል ኮቱን ይዞ በሌላ በር ወጥቷል።

ለአባቴ ደወልኩ።

«ረታህ?»

«ረታሁ አባባ።»

«እሰይ! ከሰውዬው ጋርስ ማዕድ ቆረሳችሁ?»

«ሳይሰናበተኝ ሄደ።»

 



«ልጄ፣ ታዲያ ማን ያስታርቃችሁ? እዚያ አገር ሽማግሌ የለም?»



«እየፈለግሁ ነው» አልኳቸው።