ቡናማው የጫማ ማሰሪያ

ማክሰኞ ማክሰኞ ሂዩስተን ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ኢሚግሬሽን ሰው ለያዘባቸው ቤተሰቦች ስለ ዋስትና ሳስረዳ፣ አንድ የሆንዱራስ ሽማግሌ ከኋላ ይቀመጣሉ። ሸሚዛቸው ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። ዋስ የሚሆነው እንደ እሳቸው መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሌላቸው እናቶች ይከቧቸዋል።

"አባባ፣ ይፈርሙልኛል?"

"አምጪው፣ ልጄ።"

ለሚፈታው ሁሉ ከኪሳቸው የጫማ ማሰሪያ አውጥተው ይሰጣሉ፤ የራሱን ሲታሰር ጠባቂዎቹ ወስደውበታላ። አንዱን ቡናማ ማሰሪያ ግን ሁልጊዜ መልሰው ይከቱታል።

"ይሄስ የማን ነው?" አልኳቸው።

"የልጄ። ሲፈታ ልሰጠው ያስቀመጥኩት ነው። ዳኛው ዋስትና ከለከለው፤ ወደ ሆንዱራስ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።"

ማሰሪያውን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት።

"የኛ አገር መንገድ ጭቃ ነው። ጫማውን በምን አስሮት ይሄድ ይሆን?"