ቁጥር አንድ የተባለው ቀለም

ሰፈርተኛው ፎቶ አጣቢዋ ይላታል። ፎቶ በኬሚካል መታጠብ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀርቷል። ሥራዋ ከስቱዲዮው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሰው ፊት ማሳመር ነው።

ፎቶ አንሺው ባሏ ነበር። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ካሜራውን የያዘው ታናሽ ወንድሙ ነው። ባሏ ትቶላት ከሄደው ነገር ሁሉ እሷ የምትሳሳለት አንድ ፕሪሴት ነበረ፤ አስቀድሞ ተሰናድቶ የተቀመጠ የቀለምና የብርሃን ቅንብር ማለት ነው። ስሙን «ቁጥር አንድ» ብሎታል። አንዴ ጠቅ ሲያደርጉት የጠወለገ ፊት ይፈካል፣ የጠየመ ይቀላል። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ለመታወቂያ የሚነሳው፣ ሁሉም በዚያው በቁጥር አንድ ያልፍ ነበር።

የምትጫነው ለፍጥነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተጫነችው ቁጥር ባሏ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ የሚያይላት ይመስላታል። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ያኔ ሲጥ ይላል። እንጨት ነው፣ ይላል እንግዲህ! እሷ ግን «መጣህ?» ትላለች።

የባሏ ወንድም አንድ ቀን፣ «እታለም፣ ለሰው ሁሉ አንድ ቀለም ይሆናል እንዴ? እያንዳንዱን ከመነሻው ብትሠሪው ምናለ?» ቢላት፣ «አንተ መጀመሪያ ማንሳቱን ቻለው» ብላ ኩም አደረገችው።

ከኮምፒውተሩ በላይ የልጇ ፎቶ ተሰቅሏል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ጉንጯ የቀላ፣ ከጀርባዋ ውሃ ሰማያዊ መጋረጃ። ያን ፎቶ በተነሳች በሃያ ቀኗ ጉበቷ ገደላት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ስለ ልጅቷ ለጠየቃት ሁሉ የእናትየው መልስ አንድ ነው፦ «ይቺን የተነሳች ዕለት ደህና ነበረች።» ይህቺን ቃል ባትይዝ ኖሮ ዘጠኙን ዓመት በእግሯ ቆማ አትሄድም ነበር።

ሐኪሙ ያን ጊዜ፣ «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ባመጣችኋት» ሲል፣ ፎቶውን ከቦርሳዋ መዥረጥ አድርጋ አሳይታዋለች። «ዶክተር፣ ከሁለት ሳምንት በፊት እኮ ይቺን ነበር የምትመስለው! ምኗን አይተን እናምጣት?» ሐኪሙ ፎቶውን አገላብጦ አየና፣ «እውነትዎን ነው፣ ምንም አይታይባትም» አለ። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከፎቶው አልነቀለም። ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ ጨዋታው ጠፋ፤ እሷም ሐዘኑ ነው ብላ ተወችው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ አናጺ ነው። የእናቱን ፎቶ ሊወስድ መጥቶ ትክ ብሎ አየውና፣ «እትዬ፣ ይቺ ቀይ ሴትዮ ማናት?» አላት።

«እናትህ ናት እንጂ!»

«የኔ እናት ጥቁር ናት። ሰማንያ ዓመት በጥቁረቷ ኮርታ የኖረችን ሴት ዛሬ እርስዎ ያቅሏት?»

«አምሮባታል እኮ፣ ወንድሜ።»

«ማማሩ ይቅርብኝ። እናቴን ይስጡኝ።»

በሳምንቱ እንዲመለስ ነግራ ሸኘችው። እየተነጫነጨች ቁጥር አንድን ከፎቶው ላይ አነሳችው። ጥሬው ፎቶ ብቻ ሲቀር ግን እጇ ተሳሰረ። ከዜሮ መጀመር አታውቅበትማ! ስትጫን ነው የኖረችው። እስቲ ባሌ ምን ምን ነበር የሚያደርገው ብላ የቁጥር አንድን ዝርዝር ከፈተች። ብርሃኑ ትንሽ ከፍ፣ ቀዩ ትንሽ ከፍ። ቢጫው ግን እስከ ታች ተጠርጎ ወርዷል። «ቢጫ ደግሞ ምን በደለው?» አለች ለራሷ። ከጎኑ የተሠራበት ቀን ተጽፏል። ቀኑን አወቀችው። ልጇ ፎቶ የተነሳችበት ቀን ነው።

የድሮውን ዲስክ ሰካች። ባሏ ሥራ ካለቀ በኋላ ጥሬ ፎቶ ያጠፋ ነበር፤ ቦታ ይይዛል ባይ ነው። ይቺን አንዲቷን ግን አላጠፋትም። ከፈተቻት።

ልጅቷ ቢጫ ነበረች። ጉንጯ ቢጫ፣ ከንፈሯ ዙሪያ ቢጫ፣ የዓይኗ ነጩ ሳይቀር ቢጫ። ከጀርባዋ ያለው መጋረጃ ግን ነጭ ነው፣ እንደ ወተት የነጣ። ሴትዮዋ ቀና ብላ የተሰቀለውን አየች፤ ውሃ ሰማያዊ። ስቱዲዮው ሰማያዊ መጋረጃ ኖሮት አያውቅም፤ ቢጫው ሲጠረግ ነው ነጩ ሰማያዊ የመሰለው። ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ስትጠርግ ይህን አንድም ቀን አላሰበችውም።

ፎቶ አንሺ ነዋ! ሌላ አባት ቢሆን «ልጄ ምን ሆነሽ?» ይል ነበር። እሱ የብርሃን ጥፋት መሰለውና አረመው። ቤት ውስጥስ ማን ያያል፤ አምፖላቸው ራሱ ቢጫ ነበር።

መጀመሪያ ተናደደች። «አየሃት እኮ! በእጅህ ነው የጠረግከው!» ብላ ወደ ወንበሩ ዞረች። ወንበሩ ሲጥ አላለም። ከዚያ ሐኪሙ ፊት የቆሙበት ሰዓት ትዝ አላት፤ እሷ ፎቶውን ይዛ ስትሟገት፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ ፎቶውን ሲያይ። ያኔ ነው ለእሱ የገባው። ስድስት ዓመት ለብቻው ተሸክሞት ኖሮ፣ ይዞት አፈር ገባ። ነግሯት ቢሆን ይቅር ትለው ነበር? አትለውም ነበር። ይህን ስታውቅ አለቀሰች።

እንባዋን ሳትጠርግ ሌላ ነገር መጣባት። እሷስ በነዚህ ሦስት ዓመታት የስንቱን ሰው ዓይን ቢጫ ጠርጋ ሰጥታ ይሆን?

ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥር አንድን ነክታው አታውቅም። ለአንዲት ጉርድ ፎቶ ሰዓት ትፈጃለች፤ ደንበኛ ያጉረመርማል። ፎቶ ስትከፍት መጀመሪያ የምታጎላው የዓይንን ነጭ ነው። አንዳንዱን ሰው «ሐኪም ቤት ሂድ» ብላ ስለምትልከው ሰፈሩ «ፎቶ አጣቢዋ ለቀቀባት» ይላል። ይበል።

አናጺው በሳምንቱ መጣ። ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረውና፣ «ይቺ ናት እማዬ» አለ ፊቱ በርቶ። ሊወጣ ሲል ግድግዳው ላይ ዓይኑ አረፈ። አሁን የተሰቀለው ፎቶ መጋረጃው ነጭ ነው።

«ይቺ ልጅስ ማናት፣ እትዬ?»

«ልጄ ናት» አለች። «ይቺን የተነሳች ዕለት ታማ ነበር።»