የአባቴ አውራ ጣት

«ላልቷል ብዬሻለሁ!»

«አልላላም አባዬ። ልክ ነው።»

«ሃያ ዓመት የነዳኋትን መኪና አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

«መንዳትና ቺንጋ ማጥበቅ አንድ ነው እንዴ?»

«ይሄ ግጥምሽ አይደለም፣ ባሰኘሽ ቁጥር የምትሰርዢው። ፌሮውን አምጪ!»

ፌሮውን፣ ያንን የመወጠሪያ ብረት ዘንግ፣ ከጀርባዬ ይዤ ቆምኩ። ክረምት ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ግቢያችን መሀል ኩሬ ሠርቷል፤ ከተከፈተው ኮፈን ሥር የጋለ ጎማና የዘይት ሽታ ይወጣል። ጎረቤት ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ሰብሮ ቁልቁል ያየናል። እናቴ ከውስጥ፣ «ሰርጉ አለቀ እኮ! እናንተ ገና መኪና ትፈታላችሁ?» ብላ ጮኸች።

ይህን ያስታወስከኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጥተህ፣ ግድግዳዬ ላይ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የተሰነጣጠቀ ጎማ እያየህ «ለምን አትጥዪውም?» ስትለኝ።

እሱ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን አብሮ የሚያዞር ቀበቶ። ሲላላ ይጮኻል፤ ባትሪ አይሞላም፣ ሞተር ይግላል። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን አይጮህም። ዝም ብሎ የዲናሞውን ኩሽኔታ፣ ያቺን ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉባትን ቀለበት፣ ይበላል።

አባቴ ጩኸቱን ይጠላ ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አሮጌዋ ዲኤክስ መኪናችን ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን እየቀሰቀሰች ከበር ስትወጣ፣ ተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ እንደተሳሳተ ሰው ያፍራል። በፊት የእናቴን የልብስ ሳሙና እየሰረቀ ቺንጋውን ያሸው ነበር። ሁለት ቀን ዝም ይልና በሦስተኛው ይብስበታል። እናቴ፣ «እዚህ ቤት ከልብስ ይልቅ የሚታጠበው ሞተር ነው» ትላለች። በዚያ ክረምት ግን ሳሙናውን ተወና ማጥበቅ ጀመረ። በሁለት ወር ውስጥ ዲናሞው ሁለት ጊዜ ተበላሸ።

በሁለተኛው ጊዜ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር የሚሠራ ወሬኛ ሰው ነበር። ኩሽኔታውን አውጥቶ መዳፉ ላይ አሽከረከረው። ጥርስ ሥር እንደገባ አሸዋ ኮሽ ኮሽ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ሲጥ አድርጎ የሚያስረው? የሚሸሽ በሬ መሰለው እንዴ?»

አባቴ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ልጅቷ ናት» አለ። «ትልመድ ብዬ ነው።»

እስከዚያ ቀን ቺንጋውን በጣቴ ነክቼው አላውቅም ነበር። አባትን በሰው ፊት ማሳጣት በእኛ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። ጆሮዬ ግን ጋለ።

መካኒኩ ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ጉልበት ካለሽ ነገ እኔ ጋ ሥራ ጀምሪ። በይ ነይ፣ አዲሱን ቺንጋ ራስሽ አስገቢው። ያጠፋ ነው የሚማር።»

ባላጠፋሁት ተማርኩ። ኩሽኔታው ተቀይሮ ዲናሞው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ የሚይዙትን ሁለት ቡሎኖች ሳላጠብቅ ተውኩ። ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፋሁት፤ አሮጌው ቺንጋ ተልፈስፍሶ አጠገቤ ተጥሏል። አዲሱን በሦስቱ መዘውሮች ላይ አዞርኩ፤ ዲናሞውን በፌሮ ወደ ውጭ ወጥሬ ይዤ ቡሎኖቹን አሰርኩ። መካኒኩ አውራ ጣቴን ይዞ ቺንጋው ረጅም በሆነበት በኩል፣ መሀሉ ላይ አስቀመጠው። «ተጫኚ። አንድ ጣት ያህል ከወረደ ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ ላልቷል፤ ካነሰ ጠብቋል። አዲስ ስለሆነ ይለጠጣል፤ በሳምንቱ መልሳችሁ እዩት። ሞተሩ ሲበርድ!»

አሮጌውን ቺንጋ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። ምናልባት ለማስረጃ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ያ መጀመሪያ የነገርኩህ ክርክር ተነሳ። አባቴ እናቴን ከጸጉር ቤት አምጥቷት ገና መግባቱ ነው፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ሰርግ አለባቸው። ሞተሩ እስኪበርድ አልጠበቀም። ሳይጮህ በፊት እንየው አለ። ትንሽ ተለጥጦ ነበር፤ እኔው ልክ አደረግኩት፤ ተጫንኩት፤ አንድ ጣት ወረደ። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነውና ላልቷል አለ።

«እየው እንጂ!» አልኩት። «ዓይንህን ገልጠህ እየው!»

«እጅ ነው የሚያውቀው» አለና በሲዳምኛ አጉረመረመ። ሲናደድ ሁልጊዜ ወደዚያ ይመለሳል። እየተከራከረኝ ያንኑ እጁን ራዲያተሩ አናት ላይ አሳረፈ።

እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ያንን ብረት በክርኔ ነክቼው ዘልዬ ነበር። እሱ እጁን አላነሳም። ስለ ሃያ ዓመት መንዳቱ እየነገረኝ ነው።

«አባዬ፣ እጅህ!»

«እጄ ምን ሆነ?»

አንጓውን ይዤ ሳብኩት። የአውራ ጣቱ ሆድ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ቀልቷል። ከጎኑ ሊድን የቀረበ ሌላ ጠባሳ አለ። እሱም እንደ እኔው፣ የሌላ ሰው ጣት ይመስል፣ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቅድም ቺንጋውን ስትጫነው ምን ተሰማህ?»

ከጣሪያው ጠርዝ የዝናብ ጠብታ በርሜሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምንም» አለ። «ምንም ስለማይሰማኝ ነው የላላ የሚመስለኝ። ስኳር በሽታዬ ነው መሰለኝ ያደነዘዘኝ።» ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መካኒኩ ጋ ያን ቀን፣ አንቺ ነሽ ያልኩት...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እድሜ ልኩን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምር የኖረ ሰው ነው።

«እግርህስ?» አልኩት።

ኮፈኑን ዘጋው።

አባቴ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ፤ መኪናዋም ከእሱ በፊት ተሸጣለች። አሁንም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የአንዱ ቺንጋ ሲጮህ አውራ ጣቴ ሳላዘው ጉልበቴን ይጫናል። ልክ ነው፣ ይሰማኛል።

ያን ቅዳሜ እናቴ ጥላዋን ይዛ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ከኋላ ገባች። አባቴ እንደ ሁልጊዜው መሪው ጋ ተቀመጠ። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜያለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። ማሠልጠኛ ያስገባኝ ራሱ ነው፤ ቁልፉን ግን አንድም ቀን ሰጥቶኝ አያውቅም። «ቆይ፣ መጀመሪያ አመሏን ልመጂ» ነበር መልሱ። አስነሳ። ቺንጋው አልጮኸም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ መሆኑን በዓይኑ አየ። ይህን ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አይቼው ነበር፤ ባህል አዳራሽ ጋ፣ መኪና በሚበዛበት፣ እግረኛ መሀል መንገድ ላይ እያለ። የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሞተሩን አጠፋው።

«ደግሞ ምን ረሳህ?» አለች እናቴ።

«ጃኬቴን።»

ጃኬቱን ለብሶ ነበር። እናቴ አፏን ከፈተች፤ እኔን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ልጅቷ ትውሰድሽ» አላት። «ሰርጉ እንዳያልፍሽ።» ወጥቶ የመኪናውን በር ያዘልኝ። ቁልፉን አልነቀለውም። «ሦስተኛው ማርሽ ትንሽ ያስቸግራል፤ አታስገድጂው» አለኝ።

ኩሬውን ዞሮ፣ እያንዳንዱን የእግሩን እርምጃ በዓይኑ እየተከተለ ወደ ቤት ሄደ። በክረምት እንጨቱ ስለሚያብጥ የቤታችን በር በትከሻ ካልተገፋ አይገጥምም። ከውስጥ አንድ ጊዜ ሲገፋው ሰማሁ፤ አልገጠመም። እንደገና ገፋው። ተዘጋ።